ስለ እግር ሹራብና ስለ ቤት አይጥ፤ በትንሽ ነገር ስለሚፈተን ልብ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ የሰው ጠባይ የሚመዘነው በታላቅ ነገር ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። በጦርነት ጊዜ፥ በረኃብ ዘመን፥ በዳኛ ፊት፥ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሰው ልብ እንደሚገለጥ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቀን በዕድሜያችን ውስጥ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። የቀረው ዘመናችን የሚያልፈው በቤት ውስጥ፥ በትንሽ ሥራና በትንሽ ብስጭት መካከል ነው። ስለዚህ ልቡን ሊያውቅ የሚወድ ሰው ትንሹን ነገር ንቆ ሊተወው አይገባውም።

በዚህች ጽሕፈት የምንመረምረው ነገር ለብዙ ሰው የሚያስቅ ይመስላል። ይኸውም፥ በቤቱ ተቀምጦ የእግር ሹራብ የሚሠራ ሰው፥ የደከመበትን ሥራ አይጥ ባበላሸችበት ጊዜ ምን ማድረግ ይገባዋል? የሚል ነው። መሳቅ የሚወድ ይሳቅ፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ቢያነብ፥ ጥያቄው የአይጥ ብቻ እንዳልሆነ ያስተውላል። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንደ ሆኑ አንባቢ ይወቅ።

አስቀድመን የሥራውን ዋጋ እንመልከት። ዛሬ ካልሲ የምንለው የእግር ሹራብ ከገበያ በጥቂት ገንዘብ ይገዛል፤ በእጅ የሚሠራው ግን ሌላ ነገር ነው። ሠራተኛይቱ በሁለቱም ጫፋቸው የሾሉ አራት ወይም አምስት ቀጫጭን የሹራብ መርፌዎች ትይዛለች፤ የክሩን ቀለበት በሦስቱ ወይም በአራቱ ላይ አከፋፍላ፥ በቀረው መርፌ እየለቀመች ዙሪያውን ትዞራለች። ከአፉ ጀምራ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ትወርዳለች። ከተረከዙ ስትደርስ ግማሹን ቀለበት አሳርፋ፥ በቀረው ግማሽ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ትሠራለች፤ ጨርቁ እንደ ሰው ተረከዝ እንዲታጠፍም ረድፉን ሳትጨርስ ከመካከል ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ጐንና ጐኑን ለቅማ ዙሩን እንደ ገና ትጀምራለች፤ በጣቶቹ ጫፍ ላይም ቀስ በቀስ እየቀነሰች ትዘጋዋለች። ክሩ ቀጭን ሆኖ በአንድ ዙር 64 ቀለበት ቢኖር፥ ዙሩም 160 ቢሆን፥ ተረከዙን ሳንቈጥር ለአንድ እግር ብቻ 10,240 ቀለበት ይሆናል፤ ለሁለቱ እግር ከ20,000 ይበልጣል። ከእነዚህም አንዱ ቢያመልጥ እንደ መሰላል እየተተረተረ ወደ ታች ይወርዳልና፥ ዓይንም ልብም ከሥራው ላይ ሊነሡ አይችሉም።

የእግር ሹራብ ጥንታዊ ነገር ነው። በግብፅ አገር በአንድ መርፌ ተሠርቶ፥ የአውራ ጣቱ ቦታ ለብቻው የተከፈለ የሱፍ የእግር ልብስ ተገኝቷል፤ ከ3ኛው እስከ 5ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ ሲሆን፥ በሎንዶን ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጦ ይታያል። በ1589 ዊሊያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ የእግር ሹራብ የሚሠራ መኪና አወጣ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ግን በእጃቸው የሚሠሩት ድኾች እንጀራቸውን እንዳያጡ ብላ፥ የለመነውን ልዩ ፈቃድ ከለከለችው ተብሎ ይተረካል። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ታላቅ ጦርነትም፥ በውሃ በተመላ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ ወታደሮች እግራቸው እየታመመ ብዙ ስለ ተቸገሩ፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ሴቶችና ልጆች በየቤታቸው የሱፍ የእግር ሹራብ እየሠሩ ይልኩላቸው ነበር። በአገራችንም ቢሆን የክር ሥራ የተናቀ አይደለም። እናቶቻችን በእንዝርት ጥጥ ሲፈትሉ፥ ልቃቂት ሲያጠራቅሙ ኖረዋል፤ በመንዝም ከበግ ጠጕር ባና ይሠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ ያወጣ ሕዝብ፥ የክርን ድካምና የክርን ኃይል የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል የተደከመበት ሥራ በቅርጫት ተቀምጦ ባደረበት ሌሊት፥ አይጥ ገብታ ልቃቂቱን ቈራርጣ፥ የተጀመረውን ሹራብ በስታ ብትሄድ፥ በማለዳ ቅርጫቱን የከፈተች ሴት ምን ይሰማታል? ቍጣ ይሰማታል። ይህም ቍጣ በራሱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ስለ ድካሙ የማይቈጭ ሰው ሥራውን አልወደደም ማለት ነውና። ጥያቄው ቍጣው ከመጣ በኋላ ወዴት ይሂድ? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በዳዪቱ ማን እንደ ሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። የቤት አይጥ ክብደቷ ከ12 እስከ 30 ግራም ያህል ነው። እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ሾልካ ትገባለች። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጋቸውን አያቋርጡምና፥ ስትቈረጥም ትኖራለች። በሌሊት ትወጣለች፤ በግድግዳ ጥግ ጥጉን፥ በጢሟ እየዳሰሰች ትሄዳለች። ከ19 እስከ 21 ቀን ብቻ አርግዛ፥ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች፤ ልጆቿም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ሱፉን የቈረጠችው ለመብል አይደለም፤ ራቁታቸውን ለሚወለዱት ልጆቿ ጐጆ ልታለሰልስበት ነው። እንግዲህ ነገሩን እናስተያየው። ሴቲቱ ሱፉን የያዘችው የልጆቿን እግር ልታሞቅበት ነው፤ አይጧም የወሰደችው የራሷን ልጆች ልታሞቅበት ነው። አንዲቱ ሕግ ታውቃለች፤ ሁለተኛይቱ አታውቅም። የእኔና የአንተ የሚባለውን የማታውቅ ፍጥረት ጕዳት አደረሰች ይባላል እንጂ በደለች አይባልም። ያልበደለውን መከላከል ይቻላል፤ መቅጣት ግን አይቻልም። ቅጣት በደልን ለሚያውቅ ብቻ የተሠራ ነውና።

ከዚህ የተነሣ ሰው ከሚሳሳትባቸው መንገዶች አራቱን ለይተን እንናገራለን።

ፊተኛው መንገድ በቀል ነው። አይጧን ይዞ በእሳት የሚያቃጥል፥ በጅራቷ አንጠልጥሎ ለልጆች መጫወቻ የሚሰጥ፥ በሙጫ ላይ ተጣብቃ ቀኑን ሙሉ ስትፍጨረጨር እያየ ደስ የሚለው ሰው አለ። ይህ ሰው ሱፉን አላዳነም፤ የተቈረጠው ክር በአይጧ ሥቃይ አይቀጠልም። የእንግሊዝ ፈላስፋ ጄርሚ ቤንታም በ1789 ባወጣው መጽሐፍ፥ ስለ እንስሳት ሊጠየቅ የሚገባው ማሰብ ወይም መናገር መቻላቸው ሳይሆን፥ መሠቃየት መቻላቸው እንደ ሆነ አስተምሯል። የጀርመኑ ፈላስፋ ካንትም፥ በእንስሳ ላይ መጨከንን የለመደ ሰው በሰው ላይም ልቡ እንደሚደነድን ለተማሪዎቹ ይነግራቸው ነበር። የሙጫው ወጥመድ በእንግሊዝ አገር በ2022 በወጣ ሕግ፥ ከ2024 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ተከልክሏል። ሕግ አውጪዎች ስለ አይጥ ሥቃይ ሸንጎ ተቀምጠው ከመከሩ፥ እኛ በቤታችን ለአንድ ደቂቃ ብናስብበት የሚያሳፍር አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ቍጣን ወደ ሌላ ማዞር ነው፤ ይህም ከሁሉ የከፋ ነው። እስቲ እንዲህ ያለውን ነገር በልባችን እናስብ። እመቤቲቱ ቅርጫቱን ከፍታ ልቃቂቱን ባጣች ጊዜ፥ አይጧን አላየችም፤ ያየችው ቤቱን የምትጠርገውን አገልጋይ ነው። «ሱፌን የት አደረግሽው?» ብላ ትጮኻለች። ልጅቱም «እትዬ፥ እኔ አልነካሁም» ትላለች። ነገር ግን ማን ይሰማታል? ከደመወዟ ይቈረጣል፥ ወይም ስሟ በጎረቤት ይነሣል፥ ወይም ጓዟን ተሸክማ ትወጣለች። ከሳምንት በኋላ ሣጥኑ ከግድግዳ ሲሳብ ሱፉ በጐጆ ውስጥ ይገኛል፤ ልጅቱ ግን የለችም። አባቶቻችን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ያሉት ለዚህ ነው። አይጥ እንዲህ ባለ ጊዜ የምታደርሰው ጕዳት ሱፍ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሰውን እንዲበድል ምክንያት ትሆናለች። በደሉ ግን የአይጧ ሳይሆን የሰውዬው ነው፤ ሳይመረምር የፈረደ እርሱ ነውና። ስለዚህ በቤቱ ነገር የጠፋበት ሰው፥ የሰውን ስም ከማንሣቱ አስቀድሞ ሣጥኑን ይሳብ፥ ጥጉን ይመልከት፥ ቀዳዳውን ይፈልግ። ድካሙ የአንድ ሰዓት ነው፤ የሚያድነው ግን የሰውን ክብር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ጕዳቱን ወደ ባልንጀራ ማስተላለፍ ነው። አይጧን በሕይወት ይዞ በጎረቤት አጥር ሥር የሚለቅቅ ሰው ርኅሩኅ ይመስላል፤ ነገር ግን የራሱን ችግር ለሌላ ሰጠ እንጂ ምን አደረገ? አይጧም ወደማታውቀው ቦታ ተጥላ ብዙ ጊዜ መሞቷ አይቀርም። መርዝ የሚበትንም እንዲሁ ነው። ዋርፋሪን የሚባለው መድኃኒት በ1948 ለአይጥ መግደያ መሸጥ ጀመረ፤ ደም እንዳይረጋ እየከለከለ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ በውስጥ ደም አፍስሶ ይገድላል። ከእርሱ በኋላ የወጡት የባሰ ኃይለኞች ናቸው፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመት ወይም ጕጕት መርዙን በሰውነቷ ታጠራቅማለች። በወለል ላይ የተበተነውንም ዳዴ የሚል ሕፃን ሊያነሣው ይችላል። ሞቱ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ሞትን በቤቱ የሚዘራ ሰው፥ ሱፉን ቢያድን እንኳ አትርፏል ሊባል አይችልም።

አራተኛው መንገድ ስንፍና ነው፤ ስሙን ግን ርኅራኄ ብሎ ይጠራዋል። «ትንሽ ፍጥረት ናት፤ ትኑር፤ ምን ታደርጋለች?» ብሎ ይተዋታል። ይህ ሰው ቈጥሮ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላለ ነበር። አንዲት እናት በዓመት ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ ልትወልድ ትችላለች፤ ልጆቿም እንዲሁ። ከምትበላው እህል ይልቅ በሽንቷና በኵሷ የምታበላሸው ይበልጣል፤ በዚህም ለሰው የሚተርፍ ደዌ ይመጣል፤ ሳልሞኔላና ሌፕቶስፒራ የሚባሉት ተሕዋስያን ከእነዚህ ናቸው። ቤትን የያዘ ሰው ለልጆቹ፥ ለአገልጋዮቹ፥ ለእንግዶቹም ጤና ኃላፊ ነው። ዛሬ አንዲቱን ለመከልከል ያልተነሣ ሰው፥ ነገ ሃያ ይገድል ዘንድ ይገደዳል። እንግዲህ የቱ ነው ርኅሩኁ?

አንባቢ ሆይ፥ አራቱን መንገድ ከዘጋን በኋላ አምስተኛውን ልናሳይ ይገባናል። ይህም ሥርዓት ያለው መንገድ ነው፤ ከታናሹ ጕዳት ጀምሮ፥ አስፈላጊ እስኪሆን ድረስ ብቻ ወደ ታላቁ የሚወጣ ነው።

አስቀድሞ ሥራህን ጠብቅ። ልቃቂትህንና የጀመርኸውን ሹራብ ክዳን ባለው የቈርቈሮ ሣጥን ውስጥ አኑር፤ ቅርጫት ለአይጥ በር ነው። ቀጥሎ መብሉን አንሣ። ፍርፋሪ ያደረበት ወለልና አፉ የተከፈተ የእህል ከረጢት ለአይጥ እንደ ግብዣ ናቸው፤ ጠርቶ የጋበዘም ሰው እንግዳው መጣ ብሎ ሊቈጣ አይገባውም። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን ድፈን። እንጨትና ጭቃ ብቻውን አይበቃም፤ አይጧ ትቈረጥመዋለችና። ድስት የሚፈገፈግበትን የሽቦ ጥቅል በቀዳዳው ውስጥ አጥብቀህ ጠቅጥቅ፤ በላዩም ሲሚንቶ ለስን፤ የበርህን ግርጌ በቈርቈሮ ለብጥ። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ፥ በውስጥ የቀረች አይጥ ካለች፥ ያን ጊዜ ሞላ ያለውን ወጥመድ ማጥመድ የተገባ ነው። ይህን ወጥመድ ዊሊያም ሁከር የሚባል የኢሊኖይ ሰው በ1894 በስሙ አስመዘገበው፤ በደንብ ከተሠራና በግድግዳው ጥግ ከተጠመደ ፈጥኖ ይገድላል። ማታ ያጠመደውም ሰው በማለዳ ራሱ ይመልከተው፤ የሚያስጸይፈውን ሥራ ሁሉ ለአገልጋይ ወይም ለሕፃን ትቶ ራሱ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው፥ ያደረገውን ነገር ሊመዝን አይችልምና። ድመት ማኖርም ይቻላል፤ ነገር ግን ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ እንዲሉ፥ ለአይጥ ብለህ ያመጣሃት ድመት ለወተትህም ለወፎችም እንደማትመለስ እወቅ። ልቃቂቱንም ቢሆን ከአይጥ ይልቅ ድመት ልትተረትረው ትችላለች።

ይህን ሥርዓት የሚመስል ነገር አልበርት ሽቫይትዘር አስተምሯል። እርሱ በጋቦን አገር በላምባሬኔ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ሐኪም ነው፤ በ1915 በኦጎዌ ወንዝ ላይ ሲጓዝ፥ ለሕይወት ሁሉ አክብሮት ይገባል የሚለው አሳብ በልቡ መጣለት። ይሁን እንጂ ሐኪም ነበርና፥ ሕመምተኛውን ለማዳን የደዌውን ነፍሳት መግደል ግድ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ትምህርቱም ግድ በሆነ ጊዜ እንኳ ከግድ አንዲት እርምጃ አታልፍ የሚል ነው። ይህም ለቤት እመቤት የሚበቃ ልክ ነው። ግድ የሆነውን ታደርጋለች፤ ከግዱ የሚያልፈውን ግን ለቍጣዋ አትሰጥም።

አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ይለን ይሆናል፦ «በዓለም የሚራቡና የሚበረዱ ሰዎች ሳሉ፥ ስለ አይጥ ሥቃይ ማሰብ የጥጋበኞች ጨዋታ ነው።» መልሳችን ይህ ነው። ርኅራኄ ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው እንደሚያንስ እህል አይደለም። ይልቁንም እንደ እጅ ሥራ ነው፤ በሠሩት ቍጥር ይለምዳል። በአይጧ ፊት ቍጣውን መግታት የተለማመደ ሰው፥ አገልጋዩ ብርጭቆ በሰበረች ቀን፥ ልጁ ቀለም ባፈሰሰ ቀን፥ ባለ ዕዳው በዘገየ ቀን ቍጣውን መግታት ይቀልለዋል። በአይጧ ላይ ልቡን የለቀቀ ግን በእነዚህ ላይ ደግሞ ይለቅቃል፤ ልብ አንድ ነውና፥ ለአይጥ አንድ ለሰው ሌላ ልብ የለንም።

ሌላውም ከወዲያ በኩል ተነሥቶ፦ «እንግዲያስ በምንም ምክንያት መግደል አይገባም፤ ሕይወት ሕይወት ነው» ይለን ይሆናል። የዚህን ሰው ልብ እናከብራለን፤ ነገር ግን ያደረበትን ቤት ንጹሕ ያደረገው ማን እንደ ሆነ እንጠይቀዋለን። የሚበላው እንጀራ ከጎተራ የመጣ ነው፤ ጎተራውንም ከአይጥ የጠበቀው ሌላ ሰው ነው። እጁ ንጹሕ የሚመስለው የሌላው እጅ ስለ ሠራለት ነው። ስለዚህ ሥቃይን ለመቀነስ በእውነት የሚወድ ሰው፥ መግደልን የሚያስቀረውን ሥራ በገዛ እጁ ይሥራ፤ ይኸውም ቀዳዳውን መድፈን ነው። በጊዜ የተደፈነ አንድ ቀዳዳ ከብዙ የአዘኔታ ቃል ይልቅ ብዙ ሕይወት ያድናል።

የእግር ሹራብ ሥራ ራሱ ስለዚህ ነገር ያስተምረናል። የተበሳን ሹራብ አዋቂዋ ሴት አትጥለውም፤ በቀዳዳው ዙሪያ ያሉትን ጤነኞች ቀለበቶች ትለቅማለች፤ የላላውን እስከ ጤነኛው ረድፍ ድረስ ትተረትራለች፤ በአዲስ ክርም መልሳ ትሠራዋለች። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ድካሙ የአንድ ምሽት ነው፤ ከዘገየ ግን መላው እግር ይፈርሳል። የግድግዳውም ቀዳዳ እንዲሁ ነው፤ የልብም ቀዳዳ እንዲሁ ነው። ትንሽ ጭካኔ ዛሬ «አይጥ አይደለችምን?» ተብሎ ሲታለፍ፥ ነገ «አገልጋይ አይደለችምን?» ተብሎ ይታለፋል፤ ከነገ ወዲያም የሚታለፈው እንግዳና ድኻ ይሆናል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ቤታችሁን ጠብቁ፤ ሥራችሁንም ጠብቁ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ቍጣችሁ ወዴት እንደሚሄድ ጠብቁ። ጕዳት በደረሰባችሁ ማለዳ አስቀድማችሁ መርምሩ፤ ሳትመረምሩ ሰውን አትክሰሱ። መከላከል በሚበቃበት ስፍራ አትግደሉ፤ መግደል ግድ በሆነበት ስፍራም አታሠቃዩ፤ ችግራችሁንም በባልንጀራችሁ አጥር ሥር አትጣሉ። ከዚያም ተቀመጡ፥ የተቈረጠውን ክር ቋጥሩ፥ ያመለጠውን ቀለበት ልቀሙ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል፤ ሹራቡም ይፈጸማል፤ የለበሰውም ሰው እግሩ ይሞቀዋል፤ በቤቱም ውስጥ ያለ በደሉ የተመታ አይኖርም።